የ10 ብሎን ቀዳዳ 10 አይበሳም
የጥርስ ቀዳዳ ልክን እንዴት እናንብብ?

ቃሊቲ ሲባል አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ጉምሩኩ፣ ማረሚያ ቤቱ ወይም ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የከባድ መኪና ሰልፍ ነው። ከዋናው አስፋልት ገባ ሲሉ ግን ሌላ ቃሊቲ አለ። በየቆርቆሮ አጥሩ ውስጥ የቶርኖ፣ የፍሬዛና የትራፓኖ ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም። ጎረቤቱ አቃቂ ደግሞ በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ የተተከለበት ሠፈር ነው፤ ይኸው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 በሜቴክ ሥር ገብቶ አቃቂ ቤዚክ ሜታልስ ኢንዱስትሪ ተብሏል። በሥራዬ ምክንያት የእነዚህን ሠፈሮች ቶርኖ ቤቶች የማልረግጥበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። በየደረስኩበት ከሌላው ሁሉ በላይ ሲያከራክር የማየው ነገር አንድ ነው፤ የብሎን ጥርስ ለማውጣት ቀዳዳው ስንት ይበሳ?

ጥያቄው የመካኒክ ብቻ ይመስላል። ይሁንና የትዕዛዝ ወረቀት የሚፈርመው የግዢ ኃላፊ፣ ሥራ የሚረከበው መሐንዲስ፣ የመኪናውን ሞተር አስፈትቶ ደጅ የሚጠብቀው ባለንብረት ሁሉ የሚመለከተው ነው። ለዚህም ነው በወረቀት ላይ የሰፈረው የቀዳዳ ቁጥር ምን እንደሚል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን እንደማይል በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው።

ነገሩ ለምን ያሳስባል?

ቀዳዳ ጠቦ ከተገኘ ይሰፋል። ሰፍቶ ከተገኘ ግን አይጠብም። አናጢ «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» የሚለው ምክር ለትራፓኖ ሠራተኛ ይበልጥ ይሠራል። የጠፋው ቀዳዳ በአንድ የብረት ቁራጭ ላይ ከሆነ ኪሳራው የቁራጩ ዋጋ ነው። በካምቢዮ ቤት፣ በቴስታታ ወይም በፓምፕ አካል ላይ ከሆነ ግን በአንድ ብሎን ምክንያት ሙሉው ዕቃ ሊወድቅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲሰላ ዋጋው ምን ያህል እንደናረ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ቀድሞ «ይቀየር» ይባል የነበረው ዕቃ ዛሬ «ይጠገን» ተብሎ ወደ ቃሊቲ የሚላከው በዚህ ምክንያት ነው።

የጠፋው ቀዳዳ ወዲያው የማይታወቅ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። ብሎኑ በእጅ ሲገባ ይገባል፤ በቁልፍ ሲነካም የጠበቀ ይመስላል። ጥርሱ የሚያልቀው ሙሉ ኃይል ሲያርፍበት ወይም ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ ሲንቀጠቀጥ ነው።

«10» ማለት ምን ማለት ነው?

«የ10 ብሎን» ስንል 10 ሚሊ ሜትር የሚሆነው የብሎኑ የውጭ ውፍረት ነው፤ ይኸውም ከጥርስ ጫፍ እስከ ተቃራኒው የጥርስ ጫፍ ያለው ልክ ነው። በስዕል ላይ ኤም 10 ተብሎ ይጻፋል። ኤም የሚለው ፊደል ጥርሱ የሜትሪክ ሥርዓት መሆኑን፣ የጥርሱም ማዕዘን 60 ዲግሪ መሆኑን ይናገራል።

ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ 10 ሆኖ ቢበሳ ብሎኑ ሳይነካው ያልፋል፤ የሚነክሰው ነገር የለም። ስለዚህ ቀዳዳው አንሶ ይበሳና የተረፈው ግድግዳ በማስኪዮ ተቆርጦ ጥርስ ይሆናል። ቶርኖ ቤት ማስኪዮ የሚባለው መሣሪያ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ታፕ ይባላል። ሁለቱም ያው ጥርስ ማውጫ ናቸው።

የውስጥ ጥርስ ሦስት ልክ አለው። አንደኛው የታችኛው ስፋት ሲሆን ከውስጥ ጥርስ ጫፍ እስከ ተቃራኒው ጫፍ ይለካል። ሁለተኛው ጥርሱ ውስጥ ተቆፍሮ የሚደርስበት የላይኛው ስፋት ነው። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል፣ የብሎኑና የቀዳዳው ጥርሶች ጎን ለጎን የሚገናኙበት መካከለኛው ስፋት ነው። ፑንታ የሚወስነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የቀሩትን ሁለቱን የሚወስነው ማስኪዮው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ስለሆነ አንባቢ ይህን አንድ ነገር ልብ እንዲል አደራ እላለሁ።

መነሻው ሒሳብ

ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ተከታዩ ጥርስ ጫፍ ያለው ርቀት ፒች ይባላል። ለመደበኛ የሜትሪክ ጥርስ መነሻው ሒሳብ ቀላል ነው፤ ከብሎኑ ውፍረት ፒቹን መቀነስ ብቻ ነው። የኤም 10 መደበኛ ፒች 1.5 ስለሆነ 10 ሲቀነስ 1.5 እኩል ይሆናል 8.5። በብዛት የሚያስፈልጉት እነሆ፦

ኤም 6፣ ፒች 1፣ ፑንታ 5
ኤም 8፣ ፒች 1.25፣ ፑንታ 6.8
ኤም 10፣ ፒች 1.5፣ ፑንታ 8.5
ኤም 12፣ ፒች 1.75፣ ፑንታ 10.2
ኤም 16፣ ፒች 2፣ ፑንታ 14
ኤም 20፣ ፒች 2.5፣ ፑንታ 17.5

አንባቢ ሒሳቡን ቢሠራው ለኤም 8 የሚወጣው 6.75፣ ለኤም 12 ደግሞ 10.25 ነው። ሠንጠረዡ 6.8 እና 10.2 የሚለው በገበያ ለሚገኘው ፑንታ አጠጋግቶ ነው። ማጠጋጋቱ ችግር የማይፈጥርበትን ምክንያት ቀጥለን እናያለን።

ፑንታ ሌላ፣ ቀዳዳ ሌላ

ሠንጠረዥ ከፍቶ ለኤም 10 «8.5» የሚል ያነበበ ሰው ቀዳዳው በትክክል 8.5 እንዲሆን የታዘዘ ይመስለዋል። አይደለም። በአይኤስኦ 965 ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት፣ 6 ኤች ለሚባለው የተለመደ የጥራት ክፍል የኤም 10 × 1.5 ታችኛው ስፋት ከ8.376 ማነስ፣ ከ8.676 መብለጥ የለበትም። ማለትም ትክክለኛው መልስ አንድ ቁጥር ሳይሆን ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ መስኮት ነው። 8.5 በመስኮቱ መሐል አካባቢ እንዲያርፍ የተመረጠ ፑንታ ነው። ለኤም 8 መስኮቱ ከ6.647 እስከ 6.912 ነው፤ ስለዚህ 6.75ም 6.8ም ያስኬዳሉ። ለኤም 12 ከ10.106 እስከ 10.441 ነው፤ 10.2ም ያስኬዳል።

እንግዲህ ሠንጠረዡ የሚናገረው ስለ ፑንታው ነው፤ ደረጃው የሚናገረው ደግሞ ስለ ቀዳዳው ነው። ሁለቱ አንድ የሚሆኑት ፑንታው በደንብ የተሳለና ትራፓኖው የማይንቀጠቀጥ ሲሆን ብቻ ነው። በእጅ ሲሳል አንደኛው ከንፈሩ ከሌላው የረዘመ ፑንታ ከራሱ ውፍረት የሰፋ ቀዳዳ ይበሳል። 8.5 የተጻፈበት ፑንታ 8.7 በስቶ ሲገኝ በዓይኔ ለክቼ አይቻለሁ። 8.7 ደግሞ ከመስኮቱ ውጭ ነው።

አቃቂ መንገድ ላይ ቶርኖ ቤት ያላቸው አንድ አዛውንት ይህን ባጭሩ አስረድተውኛል። «ጋሼ፣ ወረቀቱ እኮ 8.5 ነው የሚለው» ብላቸው፣ «የኔ ልጅ፣ ወረቀቱ የሚነግርህ ፑንታውን ነው፤ ቀዳዳውን የሚነግርህ መለኪያው ነው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁም።

መለኪያን ካነሳን፣ በትንሽ ቀዳዳ ውስጥ የካሊፐር ጥፍር ከእውነተኛው ልክ ትንሽ አሳንሶ ያነባል። ርካሹ መፍትሔ ጭራቸው የተለካ ሁለት ፑንታዎችን እንደ መፈተሻ መጠቀም ነው። ጭራው 8.4 የሆነው መግባት አለበት፤ ጭራው 8.68 የሆነው መግባት የለበትም። ትልልቅ ፋብሪካዎች ለዚሁ ተብሎ የተሠራ «የሚገባ» እና «የማይገባ» የሚባል ጥንድ መፈተሻ አላቸው። አሠራሩ ግን ያው ነው።

ቢጠብስ ምን አለበት?

ብዙ ደንበኞች «ጠበብ አድርገህ ብሳው፣ ጥርሱ እንዲጠነክር» ይላሉ። አባባሉ እውነት ይመስላል፤ ቀዳዳው ሲጠብ ጥርሱ ይረዝማልና። ነገር ግን ጥቅሙ ትንሽ፣ ጉዳቱ ብዙ ነው። በሙያው መማሪያዎች ዘወትር እንደሚጠቀሰው ሙሉ ቁመት ያለው ጥርስ ሦስት አራተኛ ቁመት ካለው የሚበልጠው በ5 በመቶ ያህል ጥንካሬ ብቻ ሲሆን፣ ለመቁረጥ ግን ሦስት እጥፍ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ያን ጉልበት የሚሸከመው ማስኪዮው ነው። ማስኪዮ ደግሞ እጅግ የጠነከረ በመሆኑ አይታጠፍም፤ ይሰበራል። በቀዳዳ ውስጥ የተሰበረ ማስኪዮ በተራ ፑንታ አይወጣም፤ ምክንያቱም ከፑንታው እኩል ጠንካራ ነው። ጥርሱን ለማጠንከር የተደረገው ጥንቃቄ ዕቃውን ያሳጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። አንዱ ሠንጠረዥ ለ8.5 ቀዳዳ «77 በመቶ ጥርስ» ይላል፤ ሌላው ለዚያው ቀዳዳ «92 በመቶ» ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። የመጀመሪያው መቶኛውን የሚያሰላው በቀድሞው የአሜሪካ ጥርስ ቁመት መነሻነት ሲሆን፣ ሁለተኛው የአይኤስኦ የውስጥ ጥርስ ቁመትን መነሻ አድርጎ ነው። ስለዚህ «75 በመቶ ጥርስ ይሁን» ብሎ የሚያዝ ሰው መነሻውን ካልተናገረ ምንም አላዘዘም። ከመቶኛ ይልቅ ሚሊ ሜትር መጻፍ ይሻላል።

ጥንካሬ ከተፈለገ የሚገኘው ቀዳዳ በማጥበብ ሳይሆን ጥርሱን ጠለቅ በማድረግ ነው። እንደ አጠቃላይ መመሪያ፣ ብሎኑ በብረት ውስጥ የውፍረቱን አንድ እጥፍ፣ በካስት አይረን አንድ ተኩል፣ በአሉሚኒየም ደግሞ እስከ ሁለት እጥፍ ያህል መግባት አለበት። የ10 ብሎን በአሉሚኒየም ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይፈልጋል ማለት ነው።

ቀዳዳው የማይመልሰው ጥያቄ

«ብሎኑ ይላላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አጥብበህ ብሳው» የሚለው ቅሬታ ቃሊቲ ውስጥ በየቀኑ ይሰማል። መድኃኒቱ ግን ከበሽታው ጋር አይገናኝም። ከላይ እንዳልኩት ብሎንና ቀዳዳ የሚገናኙት በጥርሳቸው ጎን ነው፤ ይህን ልክ የሚቆርጠው ማስኪዮው እንጂ ፑንታው አይደለም። 8.4 የተበሳም 8.6 የተበሳም ቀዳዳ በአንድ ማስኪዮ ጥርስ ከወጣለት፣ ብሎኑ በሁለቱም ውስጥ የሚላላው እኩል ነው። የሚለያዩት በጥርሱ ቁመት ብቻ ነው።

መላላቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ማስኪዮው ደረጃውን ያልጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ሲገባ ዘሞ ወይም እየተወላወለ ቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም ብሎኑ ራሱ ከልክ በታች ነው። በስዕል ላይ ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው 6 ኤች የሚለው ምልክት የሚቆጣጠረው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ስህተት የሚፈቀድበትን ወርድ፣ ፊደሉ ደግሞ ወርዱ ከየት እንደሚጀምር ይናገራል። 6 ጂ ከተጻፈ ጥርሱ ሆን ተብሎ ትንሽ ሰፋ እንዲል ታዝዟል፤ ለምሳሌ ቅብ ለሚኖረው ዕቃ። በቀለጠ ዚንክ ተነክሮ የሚወጣ ወፍራም ቅብ ያለው የማማ ብሎን ደግሞ ከዚህም የሰፋ ዳዶ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ብሎን በተራ ዳዶ ውስጥ በግድ የሚያስገባ ሰው ዚንኩን ፍቆ ዝገትን ይጋብዛል።

ቁጥሩ ያለ ፒች ትርጉም የለውም

ኤም 10 ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ፒቹ 1.5 ነው ማለት ነው። ሌላ ከሆነ መጻፍ ግዴታ ነው። ለተመሳሳይ 10 ብሎን 1.25 እና 1 ፒችም አለ። በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ ያለው የ10 ብሎን 1.25 ነው። ለእሱ የሚበሳው 8.8 ሲሆን መስኮቱ ከ8.647 እስከ 8.912 ነው።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት የካምቢዮ ክዳን ሲያሠራ የገጠመውን ላንሳ። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው «4 ቀዳዳ፣ ኤም 10፣ በ8.8» የሚል ብቻ ነበር። 8.8 የተገኘው ከዋናው ስዕል ሲሆን፣ ስዕሉ የሚለው ኤም 10 × 1.25 ነው። ወረቀቱን የገለበጠው ሰው ፒቹን አስቀረው። ቶርኖ ቤቱ እንደታዘዘው 8.8 በሳ፤ በእጁ ባለው የ1.5 ማስኪዮም ጥርስ አወጣ። ለ1.5 ፒች ከፍተኛው 8.676 መሆኑን ከላይ አይተናል። አዲስ የተገዙት የ1.5 ብሎኖች በእጅ ሲፈተኑ ገቡ። በኃይል መለኪያ ቁልፍ ሲጠበቁ ግን ከአራቱ ሁለቱ ጥርሳቸውን ይዘው ወጡ። በሳሹም ጥርስ አውጪውም የታዘዙትን ሠርተዋል። የጎደለው ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር ነው።

ለባለ መኪና የሚቀርበው ምሳሌ ካንዴላ ነው። በብዙ የቤንዚን ሞተሮች ላይ የካንዴላ ጥርስ ኤም 14 × 1.25 ሲሆን ቀዳዳው ከ12.647 እስከ 12.912 ነው። የኤም 14 መደበኛ ፒች ግን 2 ነው። «የ14 ማስኪዮ ስጠኝ» ብሎ የሄደ ሰው የሚያመጣው ያንን ነው፤ ያ ማስኪዮ አንዴ የአሉሚኒየም ቴስታታ ውስጥ ከገባ የነበረው ጥርስ አለቀለት። ያለቀ ጥርስ ጥምዝ ሽቦ መሰል ቀለበት ገብቶለት ሊጠገን ይችላል። ለዚያ የሚበሳው ቀዳዳ ግን ከብሎኑ ራሱ ይሰፋል፤ የራሱ የተለየ ማስኪዮም አለው። ስለዚህ በመለዋወጫው ሳጥን ላይ የተጻፈውን ልክ ከተራው ሠንጠረዥ ጋር ማደባለቅ አይገባም።

ኢንች ሲመጣ

ቶርኖ፣ ትራፓኖ፣ ፑንታ፣ ዳዶ፣ ብሎን የሚሉት ቃላት ሁሉ የጣሊያን ናቸው። ጣሊያን ደግሞ በሜትሪክ የምትሠራ አገር ናት። ማሽኖቹና መኪኖቹ ግን ከጣሊያን ብቻ አልመጡም። አሮጌው ላንድሮቨርና የመንገድ ሥራው ካተርፒላር ኢንች ይዘው ገብተዋል። በአንድ ቶርኖ ቤት መደርደሪያ ላይ ሦስት ሥርዓት ተደባልቆ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የ55 ዲግሪ ጥርስ ሐሳብ አቀረበ። አሜሪካዊው ዊሊያም ሴለርስ በ1864 የ60 ዲግሪውን አመጣ። የአህጉር አውሮፓ አገሮች በ1898 ዙሪክ ላይ ተሰብስበው በሜትሪክ ጥርስ ተስማሙ። አለመስማማት የሚያስከፍለውን ዋጋ የባልቲሞር ከተማ በ1904 አየችው፤ ከተማዋ ስትቃጠል ከሌሎች ከተሞች ለርዳታ የመጡ የእሳት አደጋ ቡድኖች የውሃ ቱቦአቸው ጥርስ ከባልቲሞር የውሃ መክፈቻ ጋር አልገጥም አለ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ የኢንች ጥርሳቸውን አንድ ያደረጉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ ሲቋቋምም ቁጥር አንድ ተብሎ የተሰየመው የቴክኒክ ኮሚቴ የብሎን ጥርስ ኮሚቴ ነው።

በኢንች ሥርዓት ፒች በሚሊ ሜትር አይነገርም። የሚነገረው በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የጥርስ ብዛት ነው። 3/8 ባለ 16 ሲባል ውፍረቱ 9.525 ሚሊ ሜትር፣ በ25.4 ሚሊ ሜትር ውስጥ 16 ጥርስ ያለው ማለት ነው። ፑንታው 8 ነው። ይህ ብሎን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ኤም 10 ጥርስ ውስጥ ሦስት አራት ዙር ያህል እየላላ ይገባና ይይዛል። መያዙ ግን መጥበቅ አይደለም፤ የፒቹ ልዩነት ተጠራቅሞ ጥርስ ከጥርስ ስለተጣላ ነው። ግማሽ ኢንች ደግሞ በእንግሊዙ ዊትዎርዝ 12 ጥርስ፣ በአሜሪካው 13 ጥርስ ነው። «የግማሽ ኢንች ማስኪዮ» ብሎ ማዘዝ እንግዲህ ዕጣ እንደማውጣት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው የውሃ ቧንቧ ነው። «ግማሽ ኢንች ቧንቧ» ጥርሱ 12.7 ሚሊ ሜትር አይደለም፤ 20.955 ነው። ስሙ የመጣው በጥንቱ ቧንቧ ውስጣዊ ክፍተት እንጂ በጥርሱ ውፍረት አይደለም። በስዕል ላይ ጂ 1/2 ተብሎ ሲጻፍ የሚበሳው 19 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው 1/2 የሚለውን ብቻ አይቶ ፑንታ ሲመርጥ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ይስታል።

ጥልቀቱና የማስኪዮው ዓይነት

ቀዳዳው ወዲያ ማዶ የማይወጣ ከሆነ ሁለት የጥልቀት ቁጥር ያስፈልጋል፤ አንዱ የጥርሱ፣ ሌላው የቀዳዳው። የማስኪዮው አፍ ሾጠጥ ያለ በመሆኑ እስከ መጨረሻው ሙሉ ጥርስ አይቆርጥም፤ ብናኙም መቀመጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀዳዳው ከጥርሱ ቢያንስ አምስት ፒች ያህል ቢጠልቅ ይመረጣል። ኤም 10 በ20 ጥልቀት ጥርስ ከታዘዘ ቀዳዳው 27.5 ያህል ይሆናል። በስዕል ላይ የሚጻፈው ጥልቀት ደግሞ የፑንታውን ሾጣጣ ጫፍ አይጨምርም፤ በተለመደው ፑንታ ይህ ሌላ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 20 ተብሎ የታዘዘው ሥራ 30 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ይበላል ማለት ነው። ከግድግዳው በስተጀርባ ዘይት ወይም የማቀዝቀዣ ውሃ የሚያልፍ ከሆነ ይህን ሒሳብ አስቀድሞ መሥራት የግድ ነው።

የእጅ ማስኪዮ ብዙ ጊዜ በሦስት ይሸጣል። በጭራው ላይ አንድ ቀለበት ያለው የመጀመሪያ፣ ሁለት ቀለበት ያለው መካከለኛ፣ ቀለበት የሌለው የመጨረሻ ነው። በታወረ ቀዳዳ ውስጥ ሦስተኛውን የሚዘል ሰው ጥርሱን ሳይጨርስ ሄዷል።

ሌላም ዓይነት አለ። ብረቱን ሳይቆርጥ እየገፋ ጥርስ የሚያወጣ ማስኪዮ በአሉሚኒየምና በለስላሳ ብረት ላይ ይሠራበታል፤ በካስት አይረን ላይ ግን አይሆንም። ብረቱ ተገፍቶ ወደ ውስጥ ስለሚያብጥ ቀዳዳው ቀድሞ ሰፍቶ ይበሳል፤ ለኤም 10 ወደ 9.3፣ ለኤም 8 ወደ 7.4 ገደማ። የዚህን ሠንጠረዥ ለተራ ማስኪዮ የተጠቀመ ሰው የሚያገኘው ግማሽ ያህል ጥርስ ብቻ ነው።

ትዕዛዝ ሲጻፍ

እንግዲህ ትዕዛዝ ሰጪው ምን ይጻፍ? እኔ የምመክረው ውጤቱን እንጂ ፑንታውን አትዘዙ የሚል ነው። «8.5 ብሳ» ከማለት ይልቅ «ኤም 10 × 1.5፣ 6 ኤች፣ የጥርስ ጥልቀት 20፣ የቀዳዳ ጥልቀት እስከ 28፣ ከግድግዳ ጀርባ ዘይት አለ» ማለት ይሻላል። ፒቹ መደበኛ ቢሆንም ይጻፍ፤ አንድ ቁጥር መጨመር ቀለም አያስጨርስም። ዕቃው ኢንች ከሆነ የጥርሱ ብዛት፣ የቧንቧ ከሆነ ጂ የሚለው ምልክት አይቅር። ስዕል ከሌለ አሮጌውን ብሎን አብሮ መላክ ከመቶ ቃል ይሻላል።

በርክክብ ጊዜም ብሎን አስገብቶ ማየት ብቻውን ፈተና አይደለም። የሰፋ ቀዳዳም ብሎን ያስገባልና። ትክክለኛው ጊዜ ቀዳዳው ተበስቶ ማስኪዮ ከመግባቱ በፊት ነው። በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ጠቦ የተገኘው ይሰፋል፤ ሰፍቶ የተገኘው ደግሞ ገና ሌላ መላ አለው፤ ወደ ተከታዩ ብሎን ማሳደግ ወይም ቀለበት ማስገባት ይቻላል። ጥርስ ከወጣ በኋላ የሚደረገው ልኬት በአብዛኛው ጥፋተኛ ለመፈለግ ብቻ የሚረዳ ነው።

ቃሊቲ ውስጥ ጎበዝ እጅ ሞልቷል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ እጁ ላይ የሚደርሰው ወረቀት ነው። ወረቀቱ የሚጻፈው ደግሞ ቃሊቲ አይደለም፤ መሐል ከተማ፣ እኔና እናንተ በምንቀመጥበት ቢሮ ውስጥ ነው።